ምዕራፍ ስድስት፦ ሙልጭ የማለት ልክ

ነቀምቴ፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ከአንዱ ፀጉር ቤት ገብቶ ፂሙን ሊላጭ የተቀመጠ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮውን የሚሰጠው ለአንዲት ድምፅ ነው። ሁለት አፍ ያለው ስስ ምላጭ ከነወረቀቱ ታጥፎ ለሁለት ሲሰበር «ቀጭ» ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ይህን የሚያደርገው ከደንበኛው ጀርባ ተደብቆ አይደለም፤ ዓይኑ እያየ ነው። ግማሹን ታጣፊው መያዣ ውስጥ ይሰካል፣ ግማሹን ከነወረቀቱ ለሚቀጥለው ሰው ያስቀምጣል። ድምፁ ካልተሰማ ደንበኛው «ወንድሜ፣ አዲስ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ካላመነ ከሸሚዝ ኪሱ የራሱን ምላጭ አውጥቶ ያቀብላል፤ ማንም በዚህ አይቀየምም።

ልማዱ ታሪክ አለው። ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ስለት ያለው ነገር በጋራ እንዳይነካ ሳይታክቱ አስተማሩ። ከዚያ ዘመን ምክር ብዙው ተረስቷል፤ ይህ ግን ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ዛሬም ሕግ ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ከዚያ ግማሽ ምላጭ በፊት ስለነበረው ወንድሙ ነው። አፉም ጀርባውም ከአንድ ብረት የወጣ፣ እጀታው ውስጥ የሚታጠፍ፣ ሲደነዝ ተስሎ እንደገና የሚያገለግል ምላጭ። በአያያዝ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንዱን የቻለ ሌላውን ይችላል። ሙያው ግን በቀን አይለመድም። ራስን በራስ መላጨት እንደማንኛውም ሙያ መማር የሚፈልግ መሆኑን መጽሐፍ ጽፎ ያስረዳው ዣን ዣክ ፔሬ የሚባል የፓሪስ ስለት ሠሪ ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው በ1770 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥም ጉንጩን ለባለሙያ አሳልፎ የሚሰጥ እንጂ ራሱ ደፍሮ የሚላጭ ብዙ አልነበረም።

ስለ ብረቱ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ጀማሪ ጥፋቱን ሁሉ በእጁ ያሳብባል፣ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የምላጩ ነው። ወለጋ ለብረት ባዕድ አይደለም። ቱምቱ የሚባሉት የኦሮሞ ባለሙያዎች ድንጋዩን በከሰልና በወናፍ አቅልጠው ማረሻ፣ ማጭድ፣ ጦርና ቢላ ሲያወጡ የኖሩት በዚህ ምድር ነው፤ ጊምቢ አጠገብ ያለው የቢቅላል የብረት ማዕድንም በአገሪቱ ከታወቁት አንዱ ነው። በወናፍ የሚወጣ ብረት ግን ውስጡ ወጥ አይሆንም። አንዱ ጎኑ ካርቦን ይበዛበታል፣ ሌላው ያንሰዋል። ማጭድ ይህን ይችለዋል። የምላጭ አፍ ግን ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ በታች ቀጥኖ የሚያልቅ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ አንዲት የላላች ቦታ ካለች በመጀመሪያው ቀን ትሸረፋለች። እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ቤንጃሚን ሃንትስማን በ1740ዎቹ እ.ኤ.አ. ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ አፍስሶ ወጥ ሲያደርገው ያሰበው ለሰዓት ሞላ ነበር። የተጠቀመበት ግን ምላጭ ሠሪው ሆነ፤ ሸፊልድ በዚህ ታወቀች። የጀርመኗ ዞሊንገን ደግሞ የምላጩን ሁለት ጎን ወደ ውስጥ አጉብጣ በመሳል ቀላልና ተጣጣፊ አደረገችው። ዛሬም አሮጌ ታጣፊ ምላጭ ያገኘ ሰው ብረቱ ላይ የሚፈልገው የእነዚህን ሁለት ከተሞች ስም ነው።

ታዲያ ጠንካራ ብረት በለስላሳ ፀጉር ለምን ይደነዝዛል? የምላጭ ብረት ከፀጉር 50 ጊዜ ያህል ይጠነክራል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠይቀው ውጤቱን በ2020 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ። ከመካከላቸው አንዱ የራሱን ፂም እየተላጨ ምላጩን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። ያገኙት ነገር ምላጩ ቀስ በቀስ ተፍቆ አለማለቁን ነው፤ አፉ በጥቃቅኑ ይሸረፋል። የሚሸረፈውም ፀጉሩ ጎብጦ አፉን በጎን ሲገፋውና ያ የአፉ ቦታ ወጥ ሳይሆን ሲቀር ነው። ስለዚህ ፀጉር በጎበጠ ቁጥር ምላጩ ይጎዳል። ፀጉራችን ደግሞ ከአበቃቀሉ ጀምሮ የጎበጠ ነው። ወደዚህ ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፤ የምዕራፉ ዋና ነገር እሱ ነውና።

ከመላጨቱ ይልቅ ማርጠቡ ይበልጣል። ደረቅ ፂም ሽቦ ነው፤ ውኃ ከጠጣ ግን ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ ውኃ ይዞ ያብጥና ይለሰልሳል። ለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ውኃው ሙቅ ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል። ፂም ላይ ያለው ቅባት ውኃውን ስለሚከለክል አስቀድሞ በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ፊት ላይ ማቆየት፣ ከዚያ በብሩሽ አረፋውን እያዞሩ መቀባት ነው። ነቀምቴ በክረምት ጠዋት ሞቅ ያለ ውኃ የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ትዕግሥቱ ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው አረፋው እንደነካው ምላጩን ያነሳል። አረፋው ውበት አይደለም። ሥራው ውኃው እንዳይተን መያዝና ምላጩን ማንሸራተት ነው፤ ስለዚህ ፊት ላይ ከደረቀ ተነሥቶ እንደገና ይቀባል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሦስት ጣት ከምላጩ አንገት ላይ ያርፋል፣ አውራ ጣት ከታች ይደግፋል፣ ትንሿ ጣት ጭራዋ ላይ ትቀመጣለች። እጀታው ወደ ላይ ተከፍቶ ይቆማል። ምላጩ ቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ከጀመረ በኋላ ጀርባው ጥቂት ይነሣል፤ 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከተነሣ ይፍቃል፣ ከዚያ በታች ከተኛ ፀጉሩን ይነቅላል። ክብደቱ የምላጩ ብቻ ይሁን፤ መጫን የሚያስፈልገው ከሆነ ወይ ፂሙ አልራሰም ወይ ምላጩ አልተሳለም። ሌላው እጅ ሥራ ፈት አይደለም፤ ከምላጩ በስተኋላ ቆዳውን ወጠር አድርጎ ይይዛል። አፉ ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ወደ ጎን ሸርተት ካለ ሥጋ ይቆርጣል፤ ቢላ ሥጋ የሚቆርጠው በዚሁ መንገድ ነውና።

የመጀመሪያውን ቀን ጉንጭ ብቻ ይላጩ፤ ሌላውን በለመዱት ይጨርሱት። ጉንጭ ሰፊና ሜዳ ነው፤ ስሕተትን ይሸከማል። እጅ ሲረጋ ወደ መንጋጋ ሥር፣ ከዚያ ወደ አንገት ይወረዳል። ከአፍንጫ ሥርና አገጭ መጨረሻ ናቸው። አገጭ ላይ ብዙ የተካኑ ሰዎችም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ ጉብታ ስለሆነ ማዕዘኑ በየሚሊ ሜትሩ ይለዋወጣል። የፀጉር ሙያ ተማሪዎች በብዙ አገር የሚለማመዱበት መንገድ ለእርስዎም ይሠራል፦ ፊኛ ይንፉ፣ አረፋ ይቀቡት፣ ሳያፈነዱ ይላጩት። ፊኛው ከፈነዳ እጅዎ ገና ይጫናል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ሰው የሚሰለቸው ነው፣ ግን ሊታለፍ አይችልም። ከመላጨት በፊት ምላጩ ሁልጊዜ ጠፍር ላይ ከ30 እስከ 50 ጊዜ ይታሻል። ጀርባው ይቀድማል፣ አፉ ይከተላል፤ ጫፍ ሲደርስ ምላጩ የሚገለበጠው በጀርባው ተንከባልሎ ነው። በአፉ ከተገለበጠ ጠፍሩም ይቆረጣል፣ ምላጩም ይጠመማል። ቀበቶ መጠቀም ይቻላል፤ ስፌትና ቀለም የሌለበት፣ ያልተሸበሸበ እውነተኛ ቆዳ ከሆነ። ፊልም ላይ እንደሚታየው ጠፍሩን በፍጥነት መጥበጥ ትዕይንት ነው፤ በዝግታ ያሹት። ጠፍር የሚያቃናው አፉን ብቻ ነው እንጂ የደነዘዘ ምላጭ አይስልም። ለዚያ ድንጋይ ያስፈልጋል፦ ሻካራው 1,000 ቁጥር፣ ከዚያ 4,000፣ 8,000፣ እንደገና 12,000 እያለ ይለሰልሳል። ምላጩ ድንጋዩ ላይ ጀርባውም አፉም እኩል ነክተው ይተኛሉ፤ ማዕዘኑን የሚወስነው ጀርባው ስለሆነ በእጅ ማንሳት አያስፈልግም። የወጥ ቤት ሞረድ ግን አይጠጋው። አንድ ጊዜ ሞረድ የነካው የምላጭ አፍ ለሽንኩርት መክተፊያ ይሆናል እንጂ ወደ ጉንጭ አይመለስም።

አሁን ፀጉር ቤቶቻችን ይህን ውብ መሣሪያ ለምን እንደተዉት መናገር ይቻላል፤ ለእኔ ፍርዳቸው ትክክል ነው። ያልተሰነጠቀ የሚመስል ቆዳ እንኳ ሲላጭ በዓይን የማይታይ ደም ያወጣል። የጉበት በሽታ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ደርቆ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቆያል፤ ከኤች አይ ቪ ይልቅ በዚህ በኩል የሚያሰጋው እሱ ነው። ምላጩን እንዴት እናጽዳው? ጤና ጣቢያ የሚያውቀው አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ለማንኛውም ገጽ ማጽጃ ጥሩ ነው፤ የካርቦን ብረት ግን በበረኪና ይዝጋል፣ አፉም ይበላል። ፀጉር ቤት ውስጥ ቶንዶሱ ላይ አልኮል ረጭቶ በክብሪት መለብለብ የተለመደ ነው። ታጣፊ ምላጭ ላይ ይህ ከተደረገ ስስ የሆነው አፍ በቅጽበት ይግልና ጥንካሬውን ያጣል፤ እንደዚያ ያለ ብረት 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መላላት ይጀምራልና።

መቀቀልስ? እዚህ ከፍታው ይገባል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል 2,080 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። 2,500 ሜትር ላይ በምትገኘው ሻምቡ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ውኃው ይንተከተካል፣ ግን ድስቱ የሚሰጠው ሙቀት ባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው። ሆስፒታል መሣሪያውን በታመቀ እንፋሎት 121 ዲግሪ የሚያደርሰው ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በማንኛውም አገር ከመፍያ ነጥቡ ስለማያልፍ ነው። ይህን ሁሉ በየደንበኛው የሚያደርግ ፀጉር ቤት አይኖርም፣ ቢኖርም ምላጩ በወር ያልቃል። ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1903 እ.ኤ.አ. ተጥሎ የሚተካ ምላጭ መሸጥ ሲጀምር በዓመቱ የሸጠው 51 መያዣና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩ በየፊናው ከ90 ሺሕ በላይ ሆነ። ሰውየው ያሰበው ሰዎች መሳሉን እንዲገላገሉ ነበር፤ ለእኛ ፀጉር ቤቶች ግን የሰጠው ከዚያ የሚበልጥ ነገር ነው፦ በአንድ ሰው ፊት ላይ ብቻ ውሎ የሚጣል ስለት።

ስለዚህ ፍርዱ አጭር ነው። ታጣፊው ሙሉ ምላጭ የአንድ ሰው፣ የአንድ ቤት ዕቃ ነው። ለወንድምም፣ ለልጅም፣ ለአማችም አይዋስም።

የቤት ዕቃ ከሆነ ማስቀመጫው መታሰብ አለበት። ነቀምቴ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ቁምሳጥን ውስጥ ያለ ጫማ እንኳ ይሻግታል፤ ያልተወለወለ ምላጭ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ተላጭተው ሲጨርሱ በንጹሕ ጨርቅ አድርቀው ጥቂት ዘይት ይቀቡት። ወለጋ የኑግ አገር ስለሆነ እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኑግ ዘይት ነው። ኑግ ግን አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ የሚጠጥርና የሚጣበቅ ዘይት ነው፤ ምላጩን ከእጀታው ጋር ያጣብቀዋል። ከልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ቢለምኑ ይሻላል። መታጠቢያ ቤትም አይተዉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ደንበኛ ወንበር ላይ ሲቀመጥ «ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ» ይላል። ባለሙያው መጀመሪያ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ደንበኛው በእጁ ዳስሶ «እዚህ ጋ ይሻክራል» ይላል፣ ባለሙያው ሽቅብ ይመለሳል። በሦስተኛው ዙር ጉንጩ ብርጭቆ ይሆናል። ሁለቱም ይደሰታሉ። ችግሩ የሚመጣው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው።

ቀጥ ብሎ የሚያድግ ፂም ያለው ሰው ከቆዳው በታች ቢቆረጥ ፀጉሩ በመጣበት ቀዳዳ ተመልሶ ይወጣል። የተጠቀለለ ፂም ያለው ሰው ሥሩም ጥምዝ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ፀጉሩ በግልባጭ ተጎትቶ ሲቆረጥ፣ ቆዳው እንደተለቀቀ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ምላጩ በሰያፍ ስላሾለው ደግሞ መርፌ ሆኗል። ሲያድግ መውጫውን ስቶ የቀዳዳውን ግድግዳ ይወጋል። ከቆዳ በላይ የቀረውም ቢሆን ተጠምዝዞ ጎረቤት ቆዳ ውስጥ ይገባል። ሰውነት የገዛ ፀጉሩን እንደ እሾህ ቆጥሮ ይዋጋዋል፤ ያብጣል፣ ይቀላል፣ መግል ይቋጥራል፣ ሲድን ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ጠባሳው የሚጎለብትባቸው ሰዎችም አሉ። ብዙ ሰው «ፀጉር ቤቱ ቆሻሻ ነው» ይላል፤ አልፎ አልፎ እውነት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ንጽሕናው ላይ አይደለም። በጣም ጥሩ ተላጭቷል፤ ጥፋቱ እሱ ነው።

ይህ የአመል ወይም የቆዳ ስንፍና አለመሆኑን ፍርድ ቤት ሳይቀር አይቶታል። አሜሪካ ውስጥ በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሠራተኞቹ ሁሉ ሙልጭ ብለው እንዲላጩ ያዘዘ የአንድ ድርጅት ደንብ በጥቁር ወንዶች ላይ ከሌላው በበለጠ እንደሚከብድ ተቀብሎ ፈርዷል፤ ምክንያቱ ይኸው የፂም ብጉር ነበር።

እንግዲህ ከላይ የተማርነው ሙያ ለጥምዝ ፂም በሦስት ቦታ ይለወጣል። ቆዳውን መወጠሩ ይቀንሳል፤ ምላጩ እንዳይሸበሽበው የሚበቃውን ያህል ብቻ። አቅጣጫው ደግሞ ሁልጊዜ ከፀጉሩ ጋር ነው። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ያልተላጨ ፊትን በጣት መዳሰስ ነው፤ አንገት ላይ ያለው ፂም ነፋስ እንዳጋደመው ጤፍ በየቦታው የተለያየ አተኛኘት አለው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ወደ ላይ፣ አንዳንዱ ላይ ወደ ጆሮ ይተኛል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል፦ መቼ ማቆም እንዳለብን። አንድ ዙር፣ ቢበዛ እንደገና አረፋ ተቀብቶ ሁለተኛ ዙር በዚያው አቅጣጫ። ሽቅብ መመለስ የለም። በእጅ ሲዳሰስ ጥቂት መሻከሩ ይቅር፤ በዓይን አይታይም። ጥሩ ባለሙያ የማውቀው በዚህ ነው፦ ደንበኛው «ድገመው» ሲለው «ይበቃዎታል ጋሼ» ብሎ ፎጣውን የሚያነሣ።

ብጉሩ አንዴ ከወጣ በምላጭ አይድንም። መላጨቱን አራት ሳምንት ያህል መተው፣ የገባውን ፀጉር አለመንቀል፣ ከዚያ በኋላም በቶንዶስ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ማስቀረት ነው የሚሻለው። መግል ካለው ወይም ጠባሳው እየጎላ ከሄደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

በሠርግ ወር ለሙሽሮች አንድ ነገር ልንገር። በሠርጉ ጠዋት ሙልጭ ያለ ጉንጭ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ብጉሩ ግን ቀኑን ቆጥሮ ለመልሱ ይደርሳል። ታጣፊ ምላጭ መልመድ ከፈለጉ ከሠርጉ ከወራት በፊት ይጀምሩ፤ ካልደረሱ ግን ጉንጭዎን ለቶንዶስ ይስጡት።